የአባቴ በሶ በጎዳይፍ

አስመራ የገባሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ነርስነት ተምረን ስንጨርስ ምድባችንን ያነበቡልን ሰው ስሜን ጠርተው «አስመራ» ሲሉ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ታደልሽ፤ አውሮፓ ደረሰሽ» አለችኝ። እኔ ግን ቡሬ አጠገብ ካለች የገበሬ መንደር የወጣሁ ልጅ ነበርኩ፤ አዲስ አበባንም ገና በወጉ አልለመድኋትም። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች ጥቂት ዓመታት አልፈው ስለነበር፣ እንደ ሕጉ ከሆነ ከአገሬ አልወጣሁም። ከአውቶቡስ ወርጄ «ጎዳይፍ በየት በኩል ነው?» ብዬ የጠየቅኋት ሴት በትግርኛ ስትመልስልኝ ግን፣ ከነገረችኝ ሁሉ የያዝኩት የእጇን አቅጣጫ ብቻ ነበር። ሰው አገር መግባቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ጎዳይፍ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ያገኘልኝ የተመደብኩበት ሐኪም ቤት ነው። ባለቤቶቹ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋን ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ እናቴ ማለት ነው። ባልየውን ደግሞ «አቦይ»፣ አባቴ። እኔም እንደ ሰፈሩ ጠራኋቸው። አደይ አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የጎደላቸውን በትግርኛ ይሞሉታል፣ ትግርኛው ካልገባኝ በእጃቸው። አቦይ ረጅምና ዝምተኛ ናቸው፤ አማርኛውን ግን አቀላጥፈው ይናገሩታል። በጣልያን ጊዜ ወታደር ሆነው እኛ አገር እንደተማሩት በመጀመሪያው ቀን ነገሩኝ። አገሬ ቡሬ መሆኑን ስነግራቸው «ቡሬን አውቃታለሁ። ዝናቧ ብርቱ ነው» አሉና ግቢው ጥግ ወደተከሉት ቲማቲም ሄዱ።

የዚያን ዕለት ማታ አደይ በሬን አንኳኩተው «ንዒ ጓለይ፣ እራት» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ገበታው ላይ የቀረበው ሰሐን ውስጥ ረጃጅም ነጭ ነገር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በላዩ ቀይ የቲማቲም ወጥ ፈሶበታል። ፓስታ መሆኑን አወቅሁት። አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳለሁ ሌሎቹ ሲበሉ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ቀምሼው አላውቅም። አባቴ በጣልያን ጊዜ በረሃ የገቡ፣ ወንድማቸውን በዚያው የቀበሩ ሰው ናቸው። ቤታችን ውስጥ የፓስታ ስም አይጠራም ነበር። መጠራቱ የግድ ሲሆን አባቴ «የጣልያን ትል» ነበር የሚሉት።

አሁን ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስንገላታ የዋልኩ ነኝ፤ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሆዴን ይጎትተዋል።

«ጾም ነው፤ ሥጋ የለውም፤ ቅቤ የለውም» አሉኝ አደይ፣ የተግደረደርኩት ለፍልሰታ መስሏቸው። «ቲማቲም፣ ዘይት፣ ጥቂት በርበሬ። በቃ።»

ሹካውን አነሳሁ። ብወጋው ይወርዳል፣ ባነሳው ይንሸራተታል። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ ይዤ ሳብኩት፤ ተስቦ ተስቦ ሲያልቅ ጫፉ አፍንጫዬን በወጥ መታኝ። አቦይ ዘወር ብለው ግድግዳ ማየት ጀመሩ። አደይ ግን አልቻሉም፤ ትከሻቸው ተነሣ። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው እጄን ከነሹካው ያዙና ከሰሐኑ ጠርዝ ላይ አዙረው አዙረው ጠቀለሉልኝ። የገባልኝን ጉርሻ እስካሁን አልረሳውም። ለስላሳ ነው፣ ግን ጥርስ ላይ ትንሽ ይመልሳል፤ በርበሬው ከቲማቲሙ ጣፋጭነት ኋላ ኋላ ይመጣል። ትል አይመስልም። ምንም አይመስልም፤ ራሱን ነው የሚመስለው።

«ጥዒሙኪዶ?» አሉኝ አደይ። ጣመሽ ወይ ማለታቸው እንደሆነ ከፊታቸው ገባኝ። ሰሐኑን ባዶ አድርጌ መለስኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ አገሩን ለመደ። የበለስ ወቅት ስለነበር ሴቶች በየማለዳው በቅርጫት ሞልተው ወደ ከተማ ያመጡታል። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ፌርማታው አጠገብ አንዷን አገኘኋት። ፍሬው ቀይም ቢጫም አለው፤ ከእንቁላል ትንሽ ይበልጣል፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ጎንበስ ብዬ ልመርጥ እጄን ሰደድኩ። ሴትዮዋ «ኣይትንክእዮ» አለችኝ። ምረጪ ያለችኝ መስሎኝ ሁለት አንስቼ፣ አንዱን ቀረብ አድርጌ አሸተትኩት። አትንኪው ማለቷ እንደነበር የገባኝ ጣቶቼና ከንፈሬ በአንድ ጊዜ ሲነዱ ነው። ዐይን የማያየው እሾህ አለው። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ሐኪም ሆኑ። አንዱ እጅሽን ፀጉርሽ ውስጥ ፈትጊው ይለኛል፣ ሌላዋ አፈር ትላለች። ሻጯ ግን ምንም ሳትናገር በቢላዋ ሁለት ጫፉን ቆረጠች፣ ጎኑን ሰንጥቃ ልብሱን እንደሚያወልቅ ሰው ገፈፈችውና ቀዝቃዛውን ፍሬ ከንፈሬ ላይ አስቀመጠችው። እያለቀስኩ በላሁት። እንባዬ ሳይደርቅ ሌላ አስላጥሁ። ሐኪም ቤት ስደርስ ሕመምተኞቹ ተራቸውን እየጠበቁ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መስኮት አጠገብ አስቀምጣ ከከንፈሬ እሾሁን በወረንጦ ትለቅም ነበር። ማታ ለአደይ ስነግራቸው «ፍሬው ብዙ ነው፤ ብዙ ከበላሽ ሆድሽ ይቆለፋል» አሉኝ። ምክሩ ዘግይቶ ነበር የመጣው።

በገና ጾም ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ከሥራ ስመለስ አደይ ነጭ፣ አረፋ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር እንጀራ ላይ አፍሰው አቀረቡ። እርጎ ነው ብዬ ክው አልኩ። አደይ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማይውሉ ሴት ናቸው። እሳቸውን እንዳላሳፍር «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» አልኩ። «ምን ነካሽ?» ብለው ግንባሬን ዳሰሱ። አሁንም ወደ እርጎው ባላይ ብልም ዐይኔ እምቢ አለኝ። ድንገት ገባቸው። ትከሻቸው ተነሣ፤ ሳቁ እስኪያልፍላቸው መናገር አቃታቸው። አቦይ ናቸው ያስረዱኝ። «ሕልበት ይባላል። አብሽና የጥራጥሬ ዱቄት ነው። ነጭ የሆነው ስለተመታ ነው። ጧት የሰማሽው ድምፅ ያ ነበር።» ጧት ዱብ ዱብ የሚል ነገር እንቅልፌን ነስቶኝ ልብስ እያጠቡ መስሎኝ ነበር። በቲማቲም ስልስ እየነካሁ ስቀምሰው፣ እናታችን ለወጥ ብቻ ቆንጠር አድርጋ የምትጨምረው አብሽ እንዲህ ሊሆን መቻሉ ገረመኝ። መራራነቱ ስር ስር አለ፤ ላዩ ግን ደመና ነው። አደይ ለጎረቤት ሁሉ ነገሩብኝ። እስከ ገና ድረስ መንገድ ላይ ያገኘችኝ ሴት ሁሉ «እርጎ እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር። ጎረቤት የሆንኩት በዚያ ሳቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ደልቶኝ ስኖር ነው ወሬው አባቴ ዘንድ የደረሰው። ከመንደራችን የመጣ አንድ ወታደር አስመራ ውስጥ ይኖር ነበር፤ አንድ እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ አደይ ፓስታ አብልተውታል። እሱም አጣጥሞ ነው የበላው። ለዕረፍት አገር ቤት ሲገባ ግን ገበያ ላይ አባቴን አግኝቶ «ልጅዎ ደኅና ናት፤ ቤት የሰጧት የድሮ የጣልያን ወታደር ናቸው፤ ፓስታ መብላት ሁሉ ለምዳለች» ብሎ ነገራቸው። ክፋት አስቦ አይመስለኝም። አባቴ ግን ወደ ቤት እንደገቡ እናቴን በሶ አዘጋጂ አሏት።

ከጥምቀት በኋላ ከሥራ ስመለስ የግቢያችን በር ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። አንድ እጁ ዱላ፣ አንድ እጁ ስልቻ ይዟል። ስልቻውን ነበር መጀመሪያ ያወቅሁት። በጎንደር፣ በሊማሊሞ አድርገው መንገዱን ሁሉ ጨርሰው መጥተው በር ላይ ቆመዋል።

«አባዬ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቀና አድርገው ፊቴን አዩት። «ወፍረሻል» አሉኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁም።

«ለምን አልገቡም?»

«የማንን ደጅ እንደምረግጥ ልወቅ ብዬ ነው።» ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልወስድሽ ነው የመጣሁ» አሉ።

መልስ ሳልሰጥ አደይ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። ማንነታቸውን ለመገመት ከእኔ ፊት በላይ አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉና «እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም። እንኳን ደኅና መጡ። ቤትዎ ነው፤ ይግቡ» አሏቸው። አባቴ ለሴት ሰላምታ ፊት የሚነሡ ሰው አይደሉም። ጎንበስ ብለው ገቡ።

አቦይ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው፤ ማንኛቸውም ዐይናቸውን አልሰበሩም። የእግዚአብሔር ሰላምታ ተለዋወጡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። አደይ ወዲያው ገበታ አቀረቡ። ያን ዕለት የነበረው እንጀራ በዝግኒ ነው፤ ዝግኒ ማለት ቀይ የሥጋ ወጥ ነው፤ ከእኛ ወጥ እምብዛም አይለይም። አባቴ ግን እጃቸውን ለመታጠብ አልዘረጉም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አሉ። «ስንቄን ይዤ ነው የመጣሁ።» ስልቻውን ከአጠገባቸው አስጠጉት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። የአደይን ገበታ የገፋ ሰው በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም። አቦይ ጣታቸውን አጠላልፈው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። አባቴ ጋቢያቸውን አጥብቀው ይዘዋል።

አደይ አልተቀየሙም፤ ወይም ቅያሜያቸውን ዋጡት። ስልቻው አጠገብ ቁጢጥ አሉና «ምንድን ነው የያዙት? ልየው?» አሉ። አባቴ ያልጠበቁት ጥያቄ ስለሆነ አፉን ፈቱላቸው። አደይ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ዐይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት።

«ጥሕኒ እዩ» አሉ ወደ አቦይ ዞረው፤ በሶ ነው ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ለአባቴ፣ «ይህማ የእኛም ነው። ገብሱ በደንብ ተቆልቷል። ማነው የቆላው?»

«የልጅቱ እናት ናት።»

«እጇ ይባረክ። እንግዲያው እምቢ አይበሉኝ። የእርስዎን ዱቄት ነው የማበላዎት። የእኔ ውሃና ጨው ብቻ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ አዩ። እኔም ምን ሊሠሩ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። የራሳቸውን በሶ አልበላም ማለት አይችሉም። «እሺ፣ ደስ እንዳለዎት» አሉ።

አደይ ትውልዳቸው አካለ ጉዛይ ነው፤ በሶ የሚሠሩትም እንደዚያ አገር ሰው ነው። በሶውን በጨው ውሃ ለውሰው በኃይል አሹት፤ ከዚያ እየቆነጠሩ በመዳፋቸው መካከል እያሽከረከሩ የለውዝ ፍሬ ሁለት እጥፍ የሚያህሉ ድቡልቡሎች አወጡለት። እኔንም አጠገባቸው አስቀምጠው አሠሩኝ። የእኔዎቹ ተጣመው፣ አንዳንዱም ተሰንጥቆ ወጣ፤ እሳቸው ግን ሳይመርጡ ከራሳቸው ጋር ደረደሩት። ሰፊ ሰሐን ዙሪያውን በድቡልቡሎቹ ሞሉ፤ መሐሉ ላይ ዝግኒውን በጎድጓዳ ሳሕን አስቀመጡ። አቦይ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ ቀጫጭን እንጨቶች አወረዱ። ጫፋቸው እንደ መንሽ ተሰንጥቋል።

«ጥሕሎ ይባላል» አሉ አቦይ እንጨቱን ለአባቴ እያቀበሉ። «ይወጉታል፣ ወጡ ውስጥ ያጠልቁታል፣ ሳያኝኩ ቶሎ አይውጡት።»

አባቴ እንጨቱን አገላብጠው አዩት። «መንሽ» አሉ። «አውድማ ያለሁ አስመሰላችሁኝ።» አንዱን ድቡልቡል ወጉት፤ ወጡ ውስጥ ሲያጠልቁት አመለጣቸው። ፈለጉት። ሲያገኙት ቀይ ሆኗል። አፋቸው ውስጥ ከተቱትና ረጅም ጊዜ አኘኩ። ከዚያ እንጨቱ ተመልሶ ወደ ሰሐኑ ሄደ፤ ደግሞ ሄደ።

እኔም ቀመስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው በሶ ነው፤ ግን እንደማላውቀው ሆኖ መጣ። የገብሱ ቁሌት ከውጭ፣ ከዚያ የወጡ ቃጠሎ፣ ኋላ ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንድ ደግ የሆነ ነገር። በሶ ስንቅ ነው፣ የመንገድ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለካ እንዲህ ተሸልሞ ገበታ ላይ መቀመጥም ያውቃል።

ሰሐኑ ሲጎድል አባቴ ዘና አሉና «አማርኛዎ የእኛን አገር ሰው ይመስላል» አሏቸው አቦይን። ስፈራው የነበረው ነገር መጣ።

«እዚያ ነው የተማርኩት» አሉ አቦይ። «ቡሬ ነበርኩ። ወታደር ሆኜ።»

አባቴ እንጨቱን አስቀመጡ። «በየትኛው ክረምት?»

«ፈጠም ወንዝ በሞላበት ክረምት። ከወንዙ ወዲህ ሆነን መሻገር አቅቶን የከረምንበት።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ አቦይ መለሱ። አደይ በግማሽ የተንከባለለ ድቡልቡል በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። በመጨረሻ አባቴ «እኛ ከወዲያ ነበርን» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ አቦይ። «ትተኩሱብን ነበር።»

«እናንተስ?»

«እኛም እንተኩስ ነበር። በዚያ ዝናብ ማን ማንን ያያል? የምንተኩሰው ዝናቡን ነበር።»

የአባቴ ጢም ነቅነቅ አለ። «አንድ ነገር ንገሩኝማ» አሉ። «ሁልጊዜ ጭስ ይወጣ ነበር ከእናንተ በኩል። ሥጋ እየጠበሳችሁ መስሎን በረሃብ አንጀታችን እየታጠፈ ስንረግማችሁ ነበር የምናድረው። የእኛ በሶ ረጥቦ ሻግቷል።»

አቦይ መጀመሪያ የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። ከዚያ በዚያ ቤት በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ወጣቸው፤ እያሳላቸው። «ሥጋ? የምን ሥጋ? ካፖርታችንን ነበር የምናደርቀው። ዱቄታችን ሊጥ ሆኖ በጣታችን እየላስን ነበር። የእናንተ ሴቶች ከመንደር ስንቅ ሲያመጡ በሩቁ እያየን፣ እነዚህ ሰዎች ጠግበው ነው የሚዋጉን እንል ነበር።»

«ጠግበው» አሉ አባቴ። «ጠግበው አሉ።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ሳቁ። አባቴ የጦርነቱን ነገር አንስተው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ድምፃቸው ተለወጠ። «ወንድሜ በዚያ ዓመት ነው የሞተ። ፈጠም ላይ አይደለም። ሌላ ቦታ።»

አቦይ ቆባቸውን አወለቁ። «ነፍሱን ይማር» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «የእኔም ወንድም ሊቢያ ቀረ። ጣልያን ወስዶት» አሉ።

«ነፍሱን ይማር» አሉ አባቴ።

አደይ ንግግሩ ሁሉ ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም። «ወጡ ቀዘቀዘ» አሉና የያዙትን ድቡልቡል ሰሐኑ ላይ አስቀመጡ። አባቴ ያንን አንስተው ወጉት፣ ወጡ ውስጥ አጠለቁት፣ እጃቸውን ከሥሩ ደግነው ወደ አቦይ አፍ ዘረጉት። አቦይ አጎንብሰው ተቀበሉ። ሁለተኛውን አቦይ ለአባቴ አጎረሱ። እኔ ሰሐን የማነሣ መስዬ ወጥቼ ቲማቲሙ አጠገብ ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ።

አባቴ ልወስድሽ ያሉትን ነገር በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አላነሡትም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጧት ጧት ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ፈጠምን ደግመው ደጋግመው ይሻገሩታል። ማን የት እንደቆመ በዱላ መሬት ላይ ይሥላሉ፤ ይከራከራሉ። አደይ የሳሉትን በመጥረጊያ እየጠረጉባቸው ያልፋሉ። አባቴ የቀረበላቸውን ሁሉ በሉ፤ ሕምባሻውንም፣ ከዓዲ ኣበይቶ ዘመድ ያመጣውን እርጎም። ፓስታ በሚሠራበት ቀን ብቻ አደይ ሳይጠየቁ ለእሳቸው ለብቻ እንጀራ ያቀርባሉ፤ እሳቸውም እኔ ስጠቀልል እያዩ እንጀራቸውን ይበላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «እጅሽ ለመደ» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና አቦይ ከተማ ልናሳያቸው ወደ ትልቁ ጎዳና፣ ወደ ኮምቢሽታቶ ወሰድናቸው። ሰዉ ተለባብሶ መንገዱን ሞልቶ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ብስክሌት የያዘው ብስክሌቱን እየገፋ፣ ጥንዱ ክንድ ለክንድ ተያይዞ።

«ሰው ሁሉ ወዴት ነው የሚሄድ?» አሉ አባቴ።

«የትም» አልኳቸው። «እስከ ጫፉ ይሄዱና ይመለሳሉ።»

«ለምን?»

«ለመተያየት።»

ጥቂት አሰቡበት። «ታዲያ ቁጭ ብለው አይተያዩም?» አሉ። ይህን ቢሉም እስከ ጫፉ ሄደን ስንመለስ፣ ደግመን እንሂድ ያሉት እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ዙር ለሚያልፈው ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ሰዉም ይመልስላቸዋል።

ደክሟቸው አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ስንቀመጥ አቦይ አስተናጋጁን በትግርኛ አዘዙት። ጀላቶ በብርጭቆ መጣ። አባቴ ማንኪያውን አነሡና ቀመሱ። እጃቸው ወዲያው ወደ ጉንጫቸው ሄደ።

«ነከሰኝ» አሉ።

«ቀስ ብለው ይላሱት» አሉ አቦይ። «በረዶ ነው። ወተትና ስኳር ነው።»

ቀስ ብለው ላሱት። ሁለተኛውን ማንኪያ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። እየቀለጠ ሲሄድ ፊታቸውም አብሮ እየፈታ ሄደ። አያቴ እሳቸውን ልጅ ሳሉ ያየቻቸው እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ሥሩን በማንኪያ ፋቁት።

«ይህን ማነው የሚሠራው?» አሉ።

እኔና አቦይ ተያየን። መዋሸት አልፈለግሁም። «ጣልያኖች ናቸው ያመጡት» አልኩ።

አባቴ ብርጭቆውን ትክ ብለው አዩት፤ ቀጥለው ደግሞ መንገዱን። ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«አየህ» አሉ ወደ አቦይ ዞረው፤ አንተ ሲሏቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። «ገና ሲመጡ ይህን ይዘው ቢመጡ ኖሮ ጥይት ባልተኮስንባቸው።»

«እኔም ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር» አሉ አቦይ ፊታቸውን ሳይለውጡ። «አልሰሙኝም።»

አባቴ ሌላ አዘዙ።

የሚመለሱበት ቀን ጧት አቦይና እኔ አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው። አደይ ስልቻቸውን በሕምባሻ ሞልተው፣ የእናቴን በሶ የጨረስነው እኛ ነን ብለው በምትኩ የእሳቸውን የጨርቅ ከረጢት በጥሕኒ ሞልተው ሰጥተዋቸዋል። አውቶቡሱ ላይ ዕቃቸውን ካስተካከሉ በኋላ አባቴ ወርደው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«እናትሽ ይዘሃት ና ብላኝ ነበር» አሉ። «ምን ልበላት?»

«አልመጣም ብላለች በሏት። ክረምት ሲሆን ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወፍራለች እላታለሁ። ደስ ይላታል።» ከዚያ ከአቦይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ሲጨርሱ ደግመው ተሳሳሙ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አባቴ በመስኮት ዱላቸውን አውጥተው ወደ አቦይ እንደ ጠመንጃ አነጣጠሩት። አቦይ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

አውቶቡሱ ከዐይናችን ሲጠፋ ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ። አቦይ ያን እንዳላዩ ሆነው «ቁርስ አልበላሽም» አሉኝ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ወዳለች፣ ሹፌሮች ወደሚሞሉባት ጠባብ ቤት ወሰዱኝ። ከጥልቅ ማሰሮ የወጣ የተፈጨ ባቄላ በሳሕን መጣ፤ ላዩ ላይ ዘይት፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ተከምሮበታል፤ ዳር ዳሩን ባኒ የሚሉት ትኩስ ዳቦ። ፉል ይባላል አሉኝ። አቦይ ሁሉንም በሹካ ጨፈላልቀው አንድ አደረጉትና ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ፍልቅልቅ የሚለውን ባቄላ በዳቦው ዝቄ ስጎርስ ቃሪያው እንባዬን አወረደው፤ ለሁለት ጉዳይ በአንድ እንባ አለቀስኩ። ሳሕኑን ከአንድ በኩል እሳቸው፣ ከሌላው በኩል እኔ እየጠረግን መሐሉ ላይ ተገናኘን። ሥራ አረፈድኩ። ያን ቀን የረዳኋቸው ሕመምተኞች ሁሉ ከሽንኩርቴ ሽታ ፊታቸውን ሲያዞሩ ነበር የዋሉት፤ አንዲት አሮጊት ብቻ እጄን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ፉሉን የበላሁት የት ቤት እንደሆነ ጠየቁኝ።